እንዴት ይሠራል? የሪሞቱ ብርሃንና የሽንት ፊኛ

የቴሌቪዥኑን ሪሞት አንሡና ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ አምፖል እያያችሁ አንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ምንም የለም። አሁን የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱ፤ አምፖሏን በስልኩ መስታወት ላይ እያያችሁ ያንኑ ቁልፍ እንደገና ተጫኑ። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። የኋላው ካሜራ እምቢ ካለ ራሳችሁን ፎቶ በምታነሡበት በፊተኛው ሞክሩ፤ ብዙዎቹ የኋላ ካሜራዎች ይህን ብርሃን የሚያስቀር ማጣሪያ አላቸው።

ይህ ብርሃን ኢንፍራሬድ ይባላል። ቻናል በቀየራችሁ ቁጥር ሳሎናችሁን ሲያቋርጥ የኖረ ነው። ዓይናችን የሚያየው ከ380 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሪሞቱ ብርሃን 940 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ዓይን አያየውም። ከቀዩ ብርሃን ቀጥሎ ያለው ይህ ሰፈር፣ ከ700 እስከ 1000 ናኖሜትርና ትንሽ ከዚያ ያለፈው፣ ቅርብ ኢንፍራሬድ ይባላል።

ሐኪሞችና መሐንዲሶች በዚሁ ብርሃን የሽንት ፊኛን ለመመርመር ሲሞክሩ ቆይተዋል። ቱቦ ሳያስገቡ፣ መርፌ ሳይወጉ፣ ከእምብርት በታች ቆዳ ላይ በተለጠፈ ትንሽ መሣሪያ ብቻ። ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ግን ሆስፒታል መሄድ አያስፈልግም፤ ከወጥ ቤት የምታገኙት ዕቃ ይበቃል።

በመጀመሪያ፣ ብርሃን ሥጋ ውስጥ ይገባል ወይ? ማታ ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ በጣታችሁ ድፈኑት። ጣቱ ቀይ ሆኖ ይበራል። ከስልኩ የወጣው ነጭ ብርሃን ነበር። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ደማችሁ ውጦ አስቀረው፤ ቀዩ አምልጦ ወጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ጣታችሁ ውስጥ አጥንት አለ፤ ጥላው ግን አይታይም። ምክንያቱን ለማየት አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ወተት ጨምሩና በጎኑ መብራቱን አብሩበት። ቀጥ ብሎ የገባው ብርሃን ወዲያው ይበተናል፤ ብርጭቆው በሙሉ ይፈካል፤ በወዲያኛው ወገን ያለ ጣት ግን ቅርጹ ይጠፋል። ሥጋም ብርሃንን የሚበትነው በዚህ ዓይነት ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምናወራው እንደ ራጅ ፎቶ ስለማንሣት አይደለም። ስንት ብርሃን ገብቶ ስንት ተመለሰ የሚል ሒሳብ ነው።

አሁን ወደ ሪሞቱ ተመለሱ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቁሙና አምፖሏን በጣታችሁ ጫፍ ድፍን አድርጋችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ብዙ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ይታዘዛል። ከብርሃኑ ከፊሉ ሥጋውን አልፎ፣ ከፊሉም በቆዳው ውስጥ ተሹለክልኮ ወጥቷል ማለት ነው። ኢንፍራሬድ በሥጋ ውስጥ ከቀይም የበለጠ መንገደኛ ነው።

ይህን መንገድ ለሕክምና የከፈቱት ሰው ፍራንስ ዮብሲስ ናቸው፤ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነበሩ። ታሪኩ የሚጀምረው እራት ጠረጴዛ ላይ ነው። ከተበላ የበሬ ሥጋ የተረፈውን ሰፊና ስስ የትከሻ አጥንት ወደ መብራት ከፍ አድርገው ቢያዩት ቀይ ብርሃን አልፎ ይታያል። ቀዩ ይህን ያህል ካለፈ ኢንፍራሬዱማ የራስ ቅልንም ማለፍ አለበት ብለው አሰቡ። በ1977 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ የአንጎልንና የልብን የኦክስጅን ሁኔታ ከውጭ፣ በብርሃን ብቻ መከታተል እንደሚቻል አሳዩ። ቀጣዩ በዓል ሲመጣ አጥንቱን ከመጣላችሁ በፊት በስልክ መብራት ሞክሩት፤ ስስ ቦታውን መምረጥ ነው።

ሥጋ በቅርብ ኢንፍራሬድ ፊት እንዲህ ገር የሚሆነው ብርሃኑን የሚውጡት ነገሮች በዚያ ሰፈር ስለሚያንሱ ነው። የሞገድ ርዝመቱ ከቀይ ያነሰውን ብርሃን ደም ይውጠዋል። ከ950 ናኖሜትር በላይ ደግሞ ውኃ ይበረታል። በሁለቱ መካከል ቀጭን መስኮት ይቀራል። ለሽንት ፊኛ ምርመራም የሚያስፈልጉት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፦ ደምና ውኃ።

ደሙን እናስቀድም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጭነት ሲኖረውና ባዶውን ሲሆን መልኩ ይለያያል። ኦክስጅን የጫነው ደማቅ ቀይ ነው፤ ያራገፈው ይጠቁራል። በቀዩ ብርሃን ሰፈር ብዙ የሚውጠው ያራገፈው ነው። ከ800 ናኖሜትር ገደማ ሲያልፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የጫነው ይበልጥ ይውጣል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ብርሃን ልኮ ከሁለቱ ስንት ስንት እንደተመለሰ ያወቀ ሰው፣ ምን ያህሉ ደም ኦክስጅን እንደያዘ ማስላት ይችላል።

ይህን ሒሳብ የሚሠራ መሣሪያ ታውቃላችሁ። በኮቪድ ጊዜ ጣት ላይ እየቆነጠጠ ቁጥር የሚያሳየው ትንሽ ዕቃ ይህንኑ ይሠራል፤ 660 እና 940 ናኖሜትር አካባቢ ሁለት መብራቶች አሉት። ሐሳቡን በ1974 ያወጡት ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ ናቸው። በጣታችሁ ውስጥ የሚያልፈው አንዱ ብርሃን የሪሞታችሁ የቅርብ ዘመድ መሆኑ ነው።

ጣት ቀጭን ስለሆነ ብርሃኑ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሆድ ግን በዚህ መንገድ አይሞከርም። መላው የሚከተለው ነው። መብራቱና ብርሃን ተቀባዩ ሁለቱም በአንድ ወገን፣ ቆዳው ላይ፣ አራት ሴንቲሜትር ያህል ተራርቀው ይቀመጣሉ። የተበተነው ብርሃን ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ተጣምሞ፣ ጥቂቱ ወደ ተቀባዩ ይመለሳል። የሄደበት መንገድ ቅስት ነው፤ የሚደርሰው ጥልቀትም በሁለቱ መካከል ካለው ርቀት ግማሽ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። ጠልቆ ማየት የሚፈልግ ያራርቃቸዋል፤ ግን ባራራቀ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን እየመነመነ ይሄዳል።

አሁን ውኃው። ታቹ ለጥ ያለ ረጅም ብርጭቆ ፈልጉ። ሪሞቱን ውኃ እንዳይነካው በስስ ፌስታል ጠቅልሉና አምፖሏ ወደ ላይ እንድትሆን አቁማችሁ ያዙት። ሌላ ሰው ባዶውን ብርጭቆ በላዩ ይያዝ፤ እናንተ ከላይ በስልኩ ካሜራ እያያችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ብርሃኑ ይታያል። ከዚያ ውኃ እየጨመራችሁ እዩ። ብርሃኑ እየፈዘዘ ይሄዳል። አሥር ሴንቲሜትር ውኃ ከሪሞቱ ብርሃን አብዛኛውን ውጦ ያስቀራል።

ሪሞቱን አስቀምጡና በዚያው ውኃ ውስጥ ተራ የእጅ ባትሪ አብሩ። ምንም አልቀነሰም ማለት ይቻላል። ለዓይናችን መስተዋት የሆነው ውኃ ለሪሞቱ ብርሃን ጠቆር ያለ ነገር ነው። በዚህ ሰፈር የውኃው መዋጥ ጫፍ የሚደርሰው 970 ናኖሜትር አካባቢ ነው።

ቢጫውን ጀሪካን አስቡ። ውኃው የት እንደደረሰ ለማወቅ ክዳኑን አትከፍቱም። ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ታያላችሁ፤ ውኃ ያለበት ወገን ከባዶው ይጠቁራል። ሽንት አብዛኛው፣ ከመቶ 95 እጅ ገደማ፣ ውኃ ነው። ፊኛው ሲሞላ ከብልት በላይ ካለው አጥንት አልፎ ወደ ላይ ስለሚነሣ የብርሃኑ ቅስት መንገድ ውስጥ ይገባል። ያኔ 970 አካባቢ የተላከው ብርሃን የሚመለሰው ቀንሶ ነው። ጀሪካኑ ሞላ ማለት ነው።

የአዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። 'ሽንቴ መጣ' የሚለው የመጀመሪያው ስሜት ግን ከዚያ በፊት፣ 150 ወይም 200 ላይ ይጀምራል። ጤነኛ ሰው ስሜቱ ስለሚነግረው መብራት አያስፈልገውም። አከርካሪው ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው ግን ይህ ስሜት ላይኖረው ይችላል። ብዙዎቹ ሰዓት እያዩ በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ሽንት የሚያወጣ ቱቦ (ካቴተር) ያስገባሉ፤ ፊኛው ሞላም አልሞላም። ዘግይተው ከሆነ ሽንቱ ወደ ኩላሊት ሊገፋ ይችላል፤ ጉዳቱ ከፍ ካለ ቦታ የሆነባቸው ደግሞ የደም ግፊታቸው በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ወገቡ ላይ ታስሮ 'አሁን ሂድ' የሚል መሣሪያ ቅንጦት አይደለም።

በካናዳ ቫንኩቨር የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጽሑፍ ገመድ አልባ የሆነና ፊኛ መሙላቱን በዚህ ብርሃን የሚያውቅ መሣሪያ አቅርበዋል። ተፎካካሪም አለው። በጃፓን ዲፍሪ የተባለው መሣሪያ ይህንኑ ሥራ በብርሃን ሳይሆን በአልትራሳውንድ ይሠራል፤ እሱ ገበያ ላይ ውሏል።

መጠኑን ማወቅ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ ለእኔም ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ የፊኛውን ጡንቻ ሥራ ከውጭ ማንበቡ ነው።

ይህን ለመረዳት ቤታችሁ አንድ ልኬት ሥሩ፤ የኬክ መለኪያችሁን ግን አትንኩ፣ ወደ ወጥ ቤት የማይመለስ ሌላ መስፈሪያ አዘጋጁ። በመስፈሪያው ሽኑና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠሩ። ሚሊ ሊትሩን ለሰከንዱ አካፍሉ። የምታገኙት አማካይ ፍጥነት ነው። ሐኪም ቤት ያለው መሣሪያ የሚፈልገው ፈሳሹ በጣም የፈጠነበትን ቅጽበት ስለሆነ የእናንተ ቁጥር ከዚያ ያንሳል። በዚያ መሣሪያ በሰከንድ ከ15 ሚሊ ሊትር በላይ ለወንድ ደህና ተብሎ ይወሰዳል፤ ከ10 በታች ሲሆን ሐኪሙ ይጠረጥራል።

ምን ይጠረጥራል? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሽንት ቀጠን ብሎ የሚወርደው በሁለት ምክንያት ሊሆን ይችላል። መውጫው ጠቦ ይሆናል፤ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ላይ ፕሮስቴት ዕጢ አብጦ ቧንቧውን ይጫናል። ወይም መውጫው ደህና ሆኖ የፊኛው ጡንቻ ደክሞ ይሆናል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው፤ ጡንቻው ለደከመበት ሰው ፕሮስቴቱን በቀዶ ጥገና ማስወገድ ያሰበውን ያህል ላይጠቅመው ይችላል።

ሁለቱን የሚለየው ነባሩ ምርመራ ዩሮዳይናሚክስ ይባላል። ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቱቦ በሽንት ቧንቧ በኩል ፊኛ ውስጥ ይገባል፤ ሌላ ቱቦ በፊንጢጣ በኩል። ሁለተኛው ለምን? ሰው ሲያምጥ ሆዱ ፊኛውን ስለሚጫነው ነው። ከፊኛው ግፊት ላይ የሆዱን ግፊት ሲቀንሱ የጡንቻው የራሱ ጉልበት ብቻ ይቀራል። ግፊቱ ከፍተኛ ሆኖ ፈሳሹ ትንሽ ከሆነ መውጫው ጠቧል። ሁለቱም ዝቅተኛ ከሆኑ ጡንቻው ደክሟል።

ሒሳቡ ያማረ ነው። ግን ሰውየው ሁለት ቱቦ ተሰክቶበት፣ ባለሙያዎች እየተመለከቱት 'በል አሁን ሽና' ይባላል። ሕመም አለው፤ ሽንቱ ደም ሊቀላቅል ይችላል፤ ኢንፌክሽንም ሊያመጣ ይችላል። ሰው ፊት መሽናትን እንደ ነውር የሚቆጥር ሰው ደግሞ (ከእኛ መካከል ያልሆነ ማን አለ?) ጭራሽ ሊዘጋበት ይችላል።

ብርሃኑ ቱቦውን ሊተካ የሚሞክረው በደሙ በኩል ነው። ጡንቻ ሲሠራ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ የደም ሥሮቹ ይከፈታሉ፤ ደም ይጎርፋል። የፊኛ ጡንቻም ሽንት ሲያስወጣ እንዲሁ ነው። መውጫው ሲጠብ ግን ጡንቻው ከዓመት ዓመት እየታገለ ይወፍራል፤ ሲጨመቅም በራሱ ግድግዳ ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች ይጫናቸዋል። ያኔ ደም በሚያስፈልገው ሰዓት ደሙ ይቀንስበታል።

የቫንኩቨሩ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሊን ስቶዘርስና አንድሩ ማክናብ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ይህን ለመያዝ መሣሪያውን ከብልት አጥንት በላይ ሆዱ መሐል ላይ ለጥፈው ሰዎች ሲሸኑ ተከታተሉ። በብዛት ያዩት ይህን ነበር፦ መውጫው ክፍት በሆነ ሰው ሽንቱ ሲወርድ የሄሞግሎቢኑ መጠን ከፍ ይላል፤ በጠበበበት ሰው ዝቅ ይላል። በ2010 ባወጡት ጥናት ይህን ከሽንቱ ፍጥነትና ሸንቶ ከሚቀረው መጠን ጋር አዳምረው ወንዶችን በሁለት ወገን የሚለይ ስሌት አቀረቡ። በኔዘርላንድስ ናይሜኸን ያሉ ሐኪሞች ደግሞ ፊኛ ያለጊዜው የሚኮማተርባቸውን ሰዎች በዚሁ ብርሃን ለመለየት ሞክረዋል።

እዚህ ደርሳችሁ 'ታዲያ ለምን ሁሉም ሆስፒታል አልገባም?' ብትሉ ትክክል ናችሁ። ሌሎች ሐኪሞች ሲደግሙት ውጤቱ አንዴ ሲስማማ አንዴ ሲለያይ ነው የታየው። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ሳል፣ ሳቅ ወይም ማማጥ ሆዱን ያንቀሳቅሰዋል፤ መሣሪያው ከደሙ ለውጥ ይልቅ እንቅስቃሴውን ሊያነብ ይችላል። ፊኛው ራሱ እየጎደለ ሲሄድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ቅድም በፊቱ የነበረው ግድግዳ ከብርሃኑ መንገድ ሾልኮ ይወጣል። በቆዳና በፊኛ መካከል ደግሞ ስብ አለ። ስቡ ከወፈረ ቅስቱ ፊኛው ዘንድ ሳይደርስ ይመለሳል፤ የሆድ ጡንቻን ደም ለክቶ 'የፊኛ ነው' ሊል ይችላል።

እኛን በቀጥታ የሚመለከት ሌላም ጉዳይ አለ። የቆዳ ቀለም የሆነው ሜላኒን ብርሃን ይውጣል። ጣት ላይ በሚቆነጥጠው መሣሪያ የተለኩ፣ በአሜሪካ የታከሙ ሰዎችን መዝገብ የመረመረ፣ በዲሴምበር 2020 የወጣ ጥናት፣ የደም ኦክስጅን በእርግጥ ወርዶ እያለ መሣሪያው 'ደህና ነው' ያለበት አጋጣሚ በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ሜላኒን በኢንፍራሬድ ሰፈር የሚውጠው ከቀዩ ያነሰ ስለሆነ የፊኛው መሣሪያ ችግር ቀለል ሊል ይችላል። ቢሆንም 'ይችላል' በሚል መሣሪያ አይገዛም። ለአገራችን የሚመጣ ማንኛውም እንዲህ ያለ ዕቃ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ተፈትኖ መምጣት አለበት፤ የሚገዛውም አካል ይህን የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

ስለ ጉዳቱ ለምትጨነቁ፦ ይህ ብርሃን እንደ ራጅ ጨረር ሴልን የሚጎዳ ኃይል የለውም፤ ጉልበቱም አነስተኛ ስለሆነ ቆዳ አያቃጥልም። በዚህ በኩል ቱቦው ሊወዳደረው አይችልም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ፊኛ ሞላ አልሞላም የሚለውን ለማወቅ ብርሃኑ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ውኃ ብዙ ነው፣ ምልክቱም ግልጽ ነው። የጠበበ መውጫን ከደከመ ጡንቻ ለመለየት ግን ገና ነው፤ ዛሬም ሐኪሙ በእርግጠኝነት ማወቅ ሲፈልግ የሚሄደው ወደ ቱቦው ነው። በመንገድ ላይ 'በብርሃን እንመረምራለን' የሚል ማስታወቂያ ብታዩ ጥያቄ አብዙ።

እስከዚያው ብርሃን የማይጠይቅ፣ ሐኪሞች ራሳቸው የሚያዝዙት ነገር ከእጃችሁ አለ። የምትጠጡትን፣ የምትሸኑትን መጠንና ሰዓቱን፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሡ ለሦስት ቀን በደብተር ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ አባቶች 'ዕድሜ ነው' እያሉ ይሸፋፍኑታል፤ ልጆች ጠይቋቸው። ሽንት ውስጥ ደም ከታየ ወይም ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ ግን ደብተሩንም አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።